ሥርዓተ ፆታ፣ ዘርና የብዙኃን ባህል በአሜሪካ ተማሪዎች ምርምር

በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ፆታን፣ ዘርንና የብዙኃን ባህልን አጣምሮ መመርመር የታወቀ የተማሪዎች የጥናት መስክ ነው። ተማሪዎች ፊልምን፣ ተከታታይ ድራማን፣ ዘፈንን፣ ማስታወቂያን፣ የስፖርት ዘገባንና የልጆች መጫወቻን እየመረመሩ፣ ሴቶችና ወንዶች፣ ጥቁሮች፣ ነጮችና ስደተኞች በእነዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚቀርቡ፣ አቀራረቡም በሰዎች ኑሮና ለራሳቸው በሚሰጡት ግምት ላይ ምን እንደሚያስከትል ይጠይቃሉ። መስኩን አቅልሎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም የአገሪቱን የትምህርት ሕግ በለወጠው ክርክር ላይ በማስረጃነት የቀረበ አንድ ጥናት የተጠነሰሰው በተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

የጽሑፉ ባለቤት ማሚ ፊፕስ ክላርክ ናቸው። የአርካንሳስ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በዋሽንግተን ዲሲው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ባቀረቡት ጥናት፣ ጥቁር ሕፃናት ስለ ራሳቸውና ስለ ዘራቸው ማወቅ የሚጀምሩት እንዴት እንደሆነ መረመሩ። ሥራው ቆይቶ ከባለቤታቸው ከኬኔት ክላርክ ጋር ወዳካሄዱት የአሻንጉሊት ሙከራ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመው ውጤት፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆነ 253 ጥቁር ሕፃናት ከቀለም በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ቡናማና ነጭ አሻንጉሊቶች ቀርበውላቸው፣ ሊጫወቱባት የሚወዷትን፣ ጥሩዋን፣ መጥፎ የምትመስለውንና በመጨረሻም እነርሱን የምትመስለውን እንዲመርጡ ተጠየቁ። 67 በመቶ የሚሆኑት ለመጫወቻ ነጯን መረጡ፤ 59 በመቶው ደግሞ መጥፎ የምትመስለው ቡናማዋ እንደሆነች ተናገሩ። እነርሱን የምትመስለውን እንዲያነሡ ሲጠየቁ፣ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ያህል ነጯን አነሣ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 17 ቀን 1954 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ሲበይን፣ በውሳኔው 11ኛ የግርጌ ማስታወሻ ላይ የኬኔት ክላርክን ሥራ ጠቅሷል። ጥናቱን የጀመሩት ማሚ ክላርክ ግን በዚያ ማስታወሻ ስማቸው የለም፤ የሥርዓተ ፆታን ጉዳይ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ሙከራው ትችትም አልቀረለትም። በዘር ተለይተው ከሚማሩት ከ134ቱ የአርካንሳስ ሕፃናት ይልቅ፣ ከነጮች ጋር አብረው የሚማሩት 119ኙ የስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ሕፃናት ወደ ነጯ አሻንጉሊት ያዘነበሉ ስለነበር፣ ጉዳቱን የትምህርት ቤት መለያየት ብቻውን አመጣው ለማለት ውጤቱ አይበቃም ነበር። ሕፃኑ የሚያየው መጽሔት፣ የሚጫወትበት ዕቃና የሚሰማው ወሬ ሁሉ የድርሻቸውን ያስተምሩታል፤ የብዙኃን ባህል ጥናት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በ2005 አንዲት የኒው ዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሙከራውን በአጭር ዘጋቢ ፊልም ስትደግመው፣ ከ21 ሕፃናት 15ቱ ነጯን መርጠዋል።

መስኩ የራሱ የትምህርት ክፍሎች እንዲኖሩት ካስገደዱት መካከልም ተማሪዎች ይገኙበታል። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረትና የተማሪ ማኅበራት ጥምረት የነበረው የሦስተኛው ዓለም የነፃነት ግንባር የጠሩት አድማ ኅዳር 6 ቀን 1968 ተጀምሮ፣ በፖሊስ ዱላና በብዙ እስራት መካከል እስከ መጋቢት 1969 ዘለቀ፤ በፍጻሜውም በአገሪቱ የመጀመሪያው የብሔረሰብ ጥናት ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1970 ሳን ዲዬጎ ስቴት የሴቶች ጥናት ፕሮግራም ከፈተ፤ በኦሃዮ የሚገኘው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲም በ1973 ራሱን የቻለ የብዙኃን ባህል የትምህርት ክፍል አቋቋመ።

ሥርዓተ ፆታንና ዘርን በአንድነት ማየት ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ ያስረዱት የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ ሲሆኑ፣ በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ በጄኔራል ሞተርስ ላይ የቀረበን ክስ በምሳሌነት አንሥተዋል። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አልቀጠረም ነበር፤ ቆይቶ ሠራተኛ ሲቀንስ በቅርብ የተቀጠረው ይቅደም በማለቱ ጥቁር ሴቶቹ ተሰናበቱ። ፍርድ ቤቱ ግን ነጭ ሴቶችና ጥቁር ወንዶች ተቀጥረው እንደነበር በማየት፣ የሴትነትና የጥቁርነት በደል ተጣምሮ ሊቀርብ አይችልም አለ።

በአሠራር ረገድ ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት የይዘት ትንተና ነው። አጥኚዋ ለምሳሌ የአንድ ዓመት የመኪና ማስታወቂያዎችን ሰብስባ፣ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነና የሚናገረው ማን እንደሆነ አስቀድማ ባዘጋጀችው መመሪያ መሠረት ትመዘግባለች፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሥራ ለብቻው ይደግመዋል፤ ከዚያም ሁለቱ ውጤቶች ምን ያህል እንደሚስማሙ ይታያል። ይህን ድካም ዘሎ ከሁለት ዘፈን ተነሥቶ ስለ መላው ኅብረተሰብ የሚደመድም ጽሑፍ በርካታ ነው፤ የመስኩ ትልቁ ድክመትም ይህ ይመስለኛል። ቃለ መጠይቅ ወይም ሙከራ ለማድረግ የሚያስብ ተማሪ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ማማከር ይኖርበታል። ለዚህ አሠራር መሠረት የሆነው የ1974ቱ ሕግ የወጣው፣ በአላባማ ቱስኬጊ ከ1932 እስከ 1972 ጥቁር ወንዶች የቂጥኝ ሕክምና ተነፍገው ሲጠኑ መቆየታቸው ከተጋለጠ በኋላ ነው።

የዘር ምድብ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፣ “ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ” ከሚለው ምርጫ ሥር ሰዎች መነሻቸውን እንዲጽፉ ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊና ሶማሌ የሚሉትን በምሳሌነት ጠቅሶ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅና ቅድመ አያቶቿ በባርነት ወደ ሚሲሲፒ የመጡባት ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢቆጠሩም፣ አንድን የራፕ ዘፈን ወይም የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ የሚያዩት በተለያየ የቤተሰብ ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን ልዩነት የሚይዝ ጥያቄ ካላስገባ የሚያገኘው መልስ የተድበሰበሰ ይሆናል።

መስኩ ከፖለቲካ ውዝግብ ተለይቶ አያውቅም። አሪዞና በ2010 ባወጣችው ሕግ የተነሣ በቱሳን ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ተዘጋ፤ ተማሪዎች ከስሰው በ2017 የፌዴራል ዳኛ ክልከላው በዘር ጥላቻ የተነሣሣ እንደነበር ወሰኑ። ካሊፎርኒያ በ2020 በስቴት ዩኒቨርሲቲዎቿ የብሔረሰብ ጥናት ኮርስ ለምረቃ ግዴታ እንዲሆን ስትደነግግ፣ ፍሎሪዳ በበኩሏ በ2023 ባጸደቀችው ሕግ ዘረኝነት በአሜሪካ ተቋማት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው በሚል ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆሙ ኮርሶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የጠቅላላ ትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ እንዳይካተቱ ከልክላለች።