የበጋ ጓሮ በጎጃም

በጎጃም ገጠር ጓሮ ከማሳ የሚለየው በስፋቱ ማነስ ብቻ አይደለም። ማሳው የበሬና የሞፈር ሲሆን ጓሮው በአብዛኛው የዶማ፣ የፍግና የቤቲቱ እመቤት ነው። የበጋ ጓሮ የሚባለው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ በሰው እጅ ውሃ እየጠጣ የሚለማው ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ጊዜ ቢሆንም፣ ጓሮ የሚያለማ ሰው ከበጋ ቀድሞ የሚመጣውን መጸውንም ከበጋው ይቆጥረዋል፤ ውሃ መቅዳት የሚጀምረው በዚያ ነውና። በፈረንጅ አገር ስለ ክረምት አትክልት የሚሰጠው ምክር ወደዚህ ሲመጣ የሚያሳስተውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ እዚያ ክረምት ብርድ ነው፣ እዚህ ግን ክረምት ዝናብ ሲሆን ብርዱ የሚመጣው ሰማይ በጠራበት በበጋ ነው።

የብርዱ መጠን እንደ ከፍታው ይለያያል። የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጎጃምን የሚከበው የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ሙዝና ማንጎ የሚያበቅል ቆላ ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቀኑ ግን ሞቃት ስለሚሆን ቲማቲሙም ቃሪያውም ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። በደጋው ግን፣ ለምሳሌ በእንጅባራ ዙሪያና በጮቄ ግርጌ፣ ውርጭ አንድ ሌሊት ጥሎ የድንቹን ቅጠል የፈላ ውሃ እንደተደፋበት አጠውልጎ ሊያሳድር ይችላል። ደመና በሌለበትና ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ ለምንጭ ቅርብ ነው ተብሎ ረግረግ ዳር የተከለለ ጓሮ ከተዳፋቱ ጓሮ ቀድሞ በውርጭ ይመታል። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ብርድን ከቃሪያ፣ ከቲማቲም፣ ከዱባና ከድንች በተሻለ ይቋቋማሉ። እንግዲህ በደጋ ረባዳ ላይ በታኅሣሥ ቲማቲም መትከል፣ የሚከልለው ነገር ከሌለ በቀር፣ ችግኝን በከንቱ ማባከን ነው።

ከብርዱ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ውሃ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ያልቃል። ጸሐዩ በሚበረታበት በየካቲትና በመጋቢት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ 20 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ ቢኖር ከ80 እስከ 100 ሊትር ማለት ነው፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአራት እስከ አምስት። ይህን ከወንዝ በጀርባ ማመላለስ ለማን እንደሚተርፍ የታወቀ ነው። በዳንግላና በሜጫ ብዙ ቤተሰቦች በጓሯቸው የእጅ ጉድጓድ ቆፍረው በገመድና በባልዲ ወይም በእጅ ፓምፕ ይቀዳሉ፤ ሆኖም የጉድጓዱ ውሃ ከኅዳር ጀምሮ እየራቀ ስለሚሄድ፣ ተክሉ ውሃ አብዝቶ በሚፈልግበት በመጋቢትና በሚያዝያ አንዳንዱ ጉድጓድ ይነጥፋል። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራ ቢሆንም የሚያገለግለው ማሳን ነው፤ ከቦዩ የራቀው ጓሮ ከጉድጓዱና ከወጥ ቤት እጣቢ አይላቀቅም። ሳሙና ያልነካው እጣቢ ለጌሾውና ለሎሚው ግንድ ይደፋል።

የተቀዳውን ውሃ ማቆየት ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ወይም ማታ ከሥሩ ማጠጣት፣ መደቡን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ አድርጎ ውሃ እንዲያቁር ማበጀት፣ ፍግ ማብዛትና በጭድ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ በወይና ደጋና በቆላ ይጠቅማል። በቆላው ጭዱ ምስጥ ሊጠራ ስለሚችል ከግንዱ ራቅ ይደረጋል። በደጋው ደግሞ በውርጭ ወራት ወፍራም ጉዝጓዝ ሊጎዳ ይችላል፤ አፈሩ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ያግደዋልና። ውርጭ በሚፈራበት ምሽት ጭዱን ከቀንበጡ ሥር ገለል አድርጎ አፈሩን እርጥብ ማድረግ ይሻላል።

አጥር ያልያዘ ጓሮ ግን ውሃ ቢትረፈረፍለትም አይዘልቅም። አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ወደ አውድማ ከገባ በኋላ ከብቱ በየቃርሚያው ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ በመንደሩ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ጓሮው ብቻ ስለሚሆን በሬው፣ ፍየሉና አህያው ሁሉ ዓይኑን እዚያው ይጥላል። ቁልቋል፣ ቅንጭብና የግራር እሾህ ለዚህ ያገለግላሉ። ጃርት ሌሊት ከሥር ፈልፍሎ ድንቹን ያወጣል። ዶሮ ደግሞ የባለቤቲቱ የራሷ ስለሆነች አጥርም ሐሜትም አያግዳትም፤ ገና የበቀለውን ችግኝ በእሾህ ከመሸፈን በቀር መላ የለውም።

የሚተከለው ነገር ከጾሙ ጋር ይገናኛል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን፣ ሁለቱም በደረቁ ወራት ይውላሉ፤ ወተትና ቅቤ ሲቀር ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣውና ቃሪያው ይፈለጋሉ። ብልህ እመቤት የጎመን ችግኝዋን ሁሉንም በአንድ ቀን አትተክልም፤ በሦስት ሳምንት ልዩነት ከፋፍላ ትተክላለች። በኅዳር የተተከለ ነጭ ሽንኩርት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል። ጌሾው ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ብዙ ውሃ አይለምንም፤ ቅጠሉ ለጥር ሠርግ ጠላ ይፈለጋል። በጋው የሚያመጣው በጎ ነገርም አለ፤ በዝናብ ጊዜ የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ይቀንሳል። በፋንታው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ጎመኑ ላይ ይበረታል፤ አመድ መነስነስና የሳሙና ውሃ መርጨት ቀድሞ ከተጀመረ ይረዳል።

በጣና ዳር የሚገኘው ዘጌ ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። ጓሮና ደን በማይለዩበት በዚህ ልሳነ ምድር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋሉ፤ በአካባቢውም ሦስቱን ተክሎች የሚያያይዟቸው ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ጋር ነው። ጥላውና የረገፈው ቅጠል የአፈሩን እርጥበት ስለሚጠብቁ የዘጌ ሰው እንደ ሜጫው በየዕለቱ ባልዲ አይስብም።

በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ውሃው ሲያጥር ጓሮው ይጠባል፤ ሰላጣውና ቀይ ሥሩ ይተዋሉ፣ የቀረው ውሃ ለቃሪያውና ለፍሬ ዛፎቹ ይሰጣል። ቅጠላቸው ያልተቀነጠበ ሁለት ሦስት የጎመን እግሮች ግን አበባ እንዲያወጡ ይተዋሉ። ዘራቸው ሲደርቅ ተወቅቶ በጨርቅ ይቋጠርና ከምድጃው በላይ ጢሱ በሚያገኘው ቦታ ተሰቅሎ ሰኔን ይጠብቃል።