የእሳት አደጋ ተከላካዮች የአእምሮ ጤና ድጋፍ፦ ከባሕር ዳር አንጻር

የእሳት አደጋ ተከላካዮች የአእምሮ ጤና ድጋፍ፣ እሳት የሚያጠፉ እንዲሁም ከፍርስራሽ፣ ከጉድጓድና ከውኃ ሰው የሚያወጡ ሠራተኞች ከሥራቸው ጠባይ የሚመጣባቸውን የመንፈስ ጫና እንዲቋቋሙ፣ ጫናው ወደ ሕመም ሲሻገርም በወቅቱ እንዲታከሙ የሚደረግ የተደራጀ እገዛ ነው። የባልደረባ ድጋፍን፣ የሥነ ልቦና ምክርን፣ የሕክምና ክትትልን፣ የፈረቃና የዕረፍት አደረጃጀትን እንዲሁም ለቤተሰብ የሚሰጥ ትምህርትን ያጠቃልላል።

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ ያለችው ባሕር ዳር የክልል ርእሰ ከተማ ብትሆንም ሰዉ ገና የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስለዚህ አዳኙና ተጎጂው ባዕድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ከእሳት የወጣው ሰው የዕድር አባል፣ ከውኃ የወጣው ልጅ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ፈረቃውን ጨርሶ ልብሱን ለውጦ የሚሄደው ወደዚያው ለቅሶ ነው፤ በማግስቱም በተቃጠለው ሱቅ ደጃፍ ያልፋል። በትልልቅ ከተሞች ተሞክሮ ላይ ተመሥርተው የተዘጋጁ መመሪያዎች ይህን ብዙም አያነሱትም።

የሥራው ጫና

ጫናው ከአንድ ትልቅ አደጋ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በእንቅልፍ መካከል በጥሪ መባነን፣ ደርሶ ሰው ማትረፍ አለመቻል፣ ዘግይታችሁ መጣችሁ ተብሎ በተቆጣ ሕዝብ መከበብ፣ የሕፃን አስከሬን ማንሣት፣ እነዚህ ሁሉ እየተደራረቡ ይከማቻሉ። ምልክቶቹ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ መደንበር፣ ቶሎ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ጎማ በሸተተ ቁጥር ያለፈው አደጋ ፊት ላይ መደቀን ናቸው። አንዳንዱ ለእንቅልፍ ብሎ አረቄ፣ ለንቃት ብሎ ጫት ያበዛል፤ ሁለቱም እንቅልፉን የባሰ ያውኩበታል። ከአደጋ መልስ ቱቦው ታጥቦ እንዲደርቅ ይሰጣል፣ ቦቴው ውኃ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ሲሊንደሩ ይታያል፤ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲጀመርም ወሬው ስለ ፓምፑና ስለ መንገዱ መዘጋጋት ይሆናል እንጂ ስለ ሞተው ሰው እምብዛም አይነሣም።

አሠራሩ እንዴት መጣ

በቀደመው ዘመን እገዛው በአመዛኙ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ነበር፤ ከጀርመን የአየር ድብደባ በኋላ በ1943 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተቋቋመው የእሳት አደጋ ሠራተኞች መረዳጃ ፈንድ ለዚህ ምሳሌ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድኅረ አደጋ ጭንቀትን በ1980 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ከመዘገበ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1983 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ራሱ በእሳት አደጋና በድንገተኛ ሕክምና ሥራ ያገለገለው ጄፍሪ ሚቸል፣ ከከባድ አደጋ በኋላ ሠራተኞች በቡድን ተቀምጠው ያዩትንና የተሰማቸውን በቅደም ተከተል የሚናገሩበትን ሥርዓት አቀረበ። ሥርዓቱ በብዙ አገሮች የእሳት አደጋ ጣቢያዎች በፍጥነት ተስፋፋ፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ አለቃውም አንድ ነገር አደረግሁ እንዲል ያስችለዋል። ይሁን እንጂ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ለግለሰቦች የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ውይይት ድኅረ አደጋ ጭንቀትን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ውይይት ለዚህ ዓላማ እንዳይውል መክሯል። የሥርዓቱ ደጋፊዎች፣ ጥናቶቹ የተሠሩት በሥራ ቡድኖች ላይ ሳይሆን በተናጠል ተጎጂዎች ላይ ነው ብለው ይከራከራሉ። መከራከሪያው ከነጭራሹ የሚጣል ባይሆንም፣ ሠራተኛን ያየውን ሁሉ በግድ ማናገር ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል ዛሬ በሰፊው ታምኖበታል። ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አደጋው በደረሰ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ ክኒኖች እንዳይሰጡም ይመክራል።

በምትኩ የመጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መመሪያ መሠረት ሥራው ሦስት ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው ካልፈለገ አይጠየቅም፤ ውኃ ይሰጠዋል፣ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ሰው ይፈለግለታል።

መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. 343 ባልደረቦቹን ያጣው የኒው ዮርክ እሳት አደጋ መምሪያ የምክር አገልግሎቱን በእጅጉ አሰፋ፤ ጡረተኞችንና የሟቾችን ቤተሰቦችም ጨመረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ድኅረ አደጋ ጭንቀት የያዘው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕመሙ ከሥራው እንደመጣ እንዲቆጠርለት ሕግ አወጣች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካና የካናዳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር በሜሪላንድ የራሱን የሕክምና ማዕከል ከፈተ።

በኢትዮጵያና በባሕር ዳር

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታሰብ ነበር። በእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ዋነኛው በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ሲሆን፣ በከተማዋ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ተቋም ሠራተኞች ዘንድ ከአምስቱ የአንዱን ያህል የድኅረ አደጋ ጭንቀት ምልክት አግኝቷል። መጠይቅ የሚለየው ምልክትን ስለሆነ፣ ቁጥሩ በሐኪም ተመርምሮ ከተረጋገጠ ሕመም ጋር እኩል መታየት የለበትም።

በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች ቢመጡም በብዛት እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ድጋፉ ደመወዝተኛ ሠራተኞችን ብቻ የሚያይ ከሆነ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ውጭ ያስቀራል።

ባሕር ዳር በዚህ ረገድ ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች የተሻለች ናት ማለት ይቻላል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ አንጋፋው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በሙያው ሰው ያሠለጥናል። ችግሩ ከሐኪም ማጣት ይልቅ እስከ ሐኪሙ በር ያለው መንገድ ነው። በአእምሮ ክፍል ደጃፍ ወረፋ ይዞ በጎረቤት መታየት «ጭንቅላቱን ነክቶታል» መባልን ያመጣል፤ በጣቢያውም ለከባድ ሥራ አይታመንም የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ በጣቢያው ውስጥ የሠለጠነ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ወጣቶቹ «ጋሼ» ብለው የሚቀርቡት ነባር ባልደረባ ቢኖር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይጠቅማል። አለቃ ግን ይህን ሥራ ደርቦ ባይዝ ይመረጣል፤ ዕድገትና ቅጣት በእጁ ላለ ሰው ማንም ልቡን አይሰጥም።

ብዙው ሠራተኛ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ሼኩ ወይም እንደ አንዳሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወዳለ ጸበል ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ሕክምና የሚያዘገይ አድርገው ያዩታል፤ ሆኖም ጸበሉና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያስረዱ ካህናትም ሐኪሞችም አሉ። የታዘዘ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ለውጡን ቀድማ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ የቤት እመቤቲቱ ናት፤ ሌሊት መባነኑን፣ ልጆቹ ላይ መጮሁን፣ ማዕድ ላይ ዝም ማለቱን። ባለትዳሮችን በዓመት አንድ ሁለቴ ጣቢያው ድረስ ጠርቶ ምልክቶቹንና የሚሄዱበትን ክፍል ማሳየት ብዙ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ወይም ሰውየው ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።