«የሥነ ሕዝብ ተጽዕኖ ግምገማ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ ቆጠራ የሚካሄድ ያስመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የስፔኗ ካስቲያ ላ ማንቻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ አዲስ ሕግ ሲረቀቅ ነዋሪው እየተመናመነ ያለውን ገጠር እንዴት እንደሚነካ አስቀድሞ በሪፖርት መቅረብ አለበት።

«ቀጠሮ በኢንተርኔት ብቻ» የሚል መመሪያን እንውሰድ። በዋና ከተማዋ በቶሌዶ ወረፋ ያሳጥራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ ብቻ በሚያልፍበት መንደር ለሚኖሩ አዛውንት ግን በር እንደ መዝጋት ነው። መመሪያው የማንንም ስም አይጠራም፤ የሚጎዳው ግን ገጠሬው ነው።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር «አስቀድሞ» የምትለው ቃል ናት። የመንደሩ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወጣቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት ማንን ይመልሳል?