ቮልስ በመዳፍ ላይ፦ የመኪና ሞዴልና የሆት ሮድ ሥራ በአዲስ አበባ መሃል

የመኪና ሞዴል ሥራ እውነተኛውን አውቶሞቢል ከሞተሩ እስከ በር እጀታው በተወሰነ መጠን አሳንሶ በእጅ መቅረጽ፣ መገጣጠምና መቀባት ነው። ከመጫወቻ የሚለየው በልኩ ነው። መጫወቻ መኪና መኪና ቢመስል ይበቃዋል፤ ሞዴል ግን ተለክቶ ከዋናው ጋር መስማማት አለበት። ሆት ሮድ ደግሞ አሮጌ መኪና ተራቁቶ፣ ዝቅ ብሎና ጉልበተኛ ሞተር ተገጥሞለት እንደ አዲስ የሚሠራበት ነው፤ በሞዴል ሥራም አንድ ዘርፍ ሆኗል። በአዲስ አበባ መሃል፣ ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው ሰፈር፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚሠራው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙያው ግን ለከተማዋ እንግዳ አይደለም።

የአዲስ አበባ ጋራዥ መኪናን አይጥልም። «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስ ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ላሜራ ተቀጥቅጦና ተበይዶ፣ ወንበር ተደርድሮለት ሰው ጫኝ ሆነ። «ውይይት» ታክሲም የፔጆ 404 ፒክአፕ ነበር። የኋላው ጭነት ቦታ ተሸፍኖ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ስለተገጠሙለት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር። ሆት ሮድ የተወለደባት የካሊፎርኒያ ወጣት ለፍጥነት ብሎ የሠራውን የእኛ ባትላሜራ ለእንጀራው ሲል ሠርቶታል። ልጆቻችንም ከሽቦ መኪና አጥፈው፣ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ጎማ ገጥመው፣ ረጅም መሪ ቀጥለውለት በየመንደሩ ሲነዱ አድገዋል። ስለዚህ ሞዴል ሥራን «የፈረንጅ ጨዋታ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሰፈሩን ልብ ብሎ አላየም ባይ ነኝ።

ልኩ

ሞዴል ሁሉ የሚጀምረው ከመስፈርት ነው፤ የሕንፃ ተማሪዎች ስኬል የሚሉት ነው። ለመኪና በብዛት የተለመዱት 1፡24 እና 1፡25 ናቸው። 1፡24 የመጣው ከእንግሊዝ መለኪያ ሲሆን ግማሽ ኢንች አንድ ጫማን ይወክላል። 1፡25 በተለይ የአሜሪካ አምራቾች መለያ ነው። 1፡43 ከአሻንጉሊት ባቡር መስፈርት የተወረሰ ሲሆን ለመደርደሪያ ይመቻል፤ ለዝርዝር ሥራ ግን ዓይን ይፈጃል። 1፡64 የኪስ መኪናዎች መጠን ነው። ማቴል የተባለው ኩባንያ በ1968 እ.ኤ.አ. ሆት ዊልስን ያወጣው በዚሁ አካባቢ ባለ መጠን ነው። ጀማሪ ከእነዚህ ቢነሳ አያፍርም። ከሥር ያሉትን ሁለት ሪቬቶች በመሰርሰሪያ አውጥቶ፣ ቀለሙን ልጦ፣ ጎማውን ቀይሮ መልሶ ይገጥማል።

ለአዲስ አበባ ሰው 1፡24 ልዩ ጸጋ አለው። የቮልስዋገን ቢትል፣ እኛ ቮልስ የምንለው፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል ልክ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በወጣቶች ዘንድ የሚወደደው ዲኤክስ ኮሮላም ርቀቱ ያው 2,400 ነው። ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ለዘመናት ያገለገለችው ላዳ በ2,424 ትቀራረባቸዋለች፤ ሙሉ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሞዴል 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። የላዳ አካል ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወረሰ ነው፤ ቶሊያቲ ያለው ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ላይ አስምሮ አንዱን ጫፍ የፊት ጎማ፣ ሌላውን የኋላ ጎማ ብሎ መጀመር እንዴት እንደሚያስደስት ያልሞከረው አያውቀውም።

መስፈርቱ ቀለምንም ይገዛል። በሞዴል ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር እንደመለሰን ይቆጠራል፤ የበሩን መስመር ሞልቶ ያጠፋዋል። የካንዴላ ገመድ ሰባት ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1፡24 የሚተካው 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ለዚህ ይውላል።

ከካሊፎርኒያ

ሆት ሮድ የተወለደው በካሊፎርኒያ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቶች በርካሽ የሚገኙትን አሮጌ ፎርዶች ገዝተው፣ ፓራፋንጎና ትርፍ ክብደት ሁሉ ነቅለው በደረቁ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ፎርድ በ1932 እ.ኤ.አ. ለተራው ሰው በሚቀመስ ዋጋ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቪ ቅርጽ ሞተር ያለው መኪና አወጣ። ያኔ ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ለሚጎረጉረው እጅ ግን ብዙ ቦታ ነበረው። በዚህ ምክንያት የ1932ቱ ፎርድ እስከ ዛሬ የሆት ሮድ ሠሪዎች ዋና መኪና ነው። በ1937 የደቡባዊ ካሊፎርኒያ የጊዜ አያያዝ ማኅበር ተቋቁሞ ውድድሩን ሥርዓት አስያዘው።

ሞዴሉ የተከተለው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካው ኤኤምቲ ለመኪና ሻጮች የማስታወቂያ ሞዴል ይሠራ ነበር፤ በ1958 ደግሞ ከአንድ ሳጥን ሦስት ዓይነት መኪና የሚወጣበትን ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸውን የሞዴል ክፍሎች፣ አወጣ። ያው መኪና እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ልዩ ሥራ ወይም እንደ ውድድር መኪና ሊገጣጠም ይችላል። በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረታዊ ሐሳብ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ መመሪያው ራሱ ተመርጦ የሚሠራ ሆነ። የጃፓኑ ታሚያ በ1960 ወደ ፕላስቲክ ሞዴል ገብቶ የመገጣጠምን ጥራት ከፍ አድርጎታል፤ ከምርቶቹ መካከል የ1966 ቮልስ በ1፡24 ይገኝበታል።

ጠረጴዛው ላይ

ኪት አዲስ አበባ የሚደርሰው በአብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሳጥን ክቡር ነው፤ ትራፊ ፕላስቲኩም አይጣልም። የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ ተስማሚው ሙጫ ሁለቱን ጫፎች በጥቂቱ አሟሙቶ ያዋሕዳቸዋል እንጂ እንደ ተራ ሙጫ በመሃላቸው አይቀመጥም። ያው ፕላስቲክ የሲዲ መያዣና አንዳንድ የእርጎ ኩባያ ውስጥ አለ። ለመስኮት የውኃ ጠርሙስ፣ ለላሜራ የዘይት ጣሳ ያገለግላል። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በመተባበር ከተቋቋመ ወዲህ ተማሪዎቹ የቤት ሞዴል ሲሠሩ ኖረዋል፤ ካርቶኑን፣ ስለቱን፣ ማስመሪያውን ከዚያው ሰፈር ማግኘት ይቻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ለሽቦና ለቆርቆሮ፣ ሶማሌ ተራ ደግሞ ለዓይን ነው። እዚያ የተፈታታ መኪና ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው ተነጣጥሎ ስለሚታይ፣ መመሪያ ወረቀት የማያሳየውን ዝገትና የዘይት እድፍ እንኳ አይቶ መማር ይቻላል።

ከሆት ሮድ ሥራዎች ሁሉ ልብ የሚያስጨንቀው ጣሪያ ማሳጠር ነው። የ1932ቱ ፎርድ የጣሪያ ምሰሶዎች ቀጥ ያሉ ለማለት ይቻላል። ከሁሉም ላይ እኩል አራት ሚሊ ሜትር ቆርጦ ጣሪያውን መልሶ ማስቀመጥ አያስቸግርም፤ አራት ሚሊ ሜትር በእውነተኛው መኪና ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ቮልስ ግን ምሰሶዎቿ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ከመሃላቸው ቁራጭ ሲወጣ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ጋር አይገናኝም፤ ጣሪያው ጠቦ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ጣሪያውን በአግድም ለሁለት ከፍሎ፣ ፊተኛውን ወደ ፊት፣ ኋለኛውን ወደ ኋላ ስቦ፣ በመሃል የተፈጠረውን ክፍተት በፕላስቲክ ቁራጭ መሙላት ነው። ቁራጩም ቀጥ ያለ ሳይሆን የጣሪያውን ጉብታ የተከተለ መሆን አለበት። ከዚያ ስቱኮ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይፈገፈጋል። ስቱኮ በወፍራሙ ከተቀባ ፕላስቲኩን አለስልሶ ያጣምመዋል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጣት ያገኘዋል፤ ባትላሜራዎችም ላሜራ ሲፈትሹ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዙረው በመዳፋቸው የሚዳስሱት ለዚህ ነው።

ጋራዡ ሌላም ብዙ ያበድራል። የተበላሸ ቀለም የፍሬን ዘይት ውስጥ ቢዘፈዘፍ ፕላስቲኩን ሳይነካ ይላቀቃል። የኪቱን ክሮም የቤት በረኪና ይገፈዋል፤ ክሮም የሚመስለው ነገር በእርግጥ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት በጥንቃቄ ተለጥፎ የመስኮት ጠርዝ ይሆናል። አየር የሚነፋ የቀለም መርጫ ኖሮት ኮምፕረሰር የሌለው ሰው፣ ወይም መብራት የጠፋበት፣ የመኪና ትርፍ ጎማ ጎሚስታ ዘንድ አስነፍቶ በቀጭን ቱቦ ይጠቀማል። ጎማው በ30 ፒኤስአይ ግፊት ቢሞላ ለአነስተኛ መርጫ ይበቃል፤ ድምፅም የለውም፤ ጎረቤትም አይቀሰቅስም።

ቀለሙ ግን ወጥመድ አለው። የመኪና ቀለም ቲነር ፖሊስታይሪንን ይበላል። እኔ አንድ ምሽት ቸኩዬ ከጋራዥ ያመጣሁትን ሰማያዊ በቮልስ ኮፋኖ ላይ በአንድ ጊዜ አርከፈከፍኩት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ እንደ ደረቀ የጭቃ ኩሬ ተሰነጣጠቀ። አሁን መጀመሪያ መነሻ ቀለም እንደ ጤዛ ጣል ጣል አደርጋለሁ፤ በየመሃሉ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናው ቀለም ይመጣል። ክረምት ሌላ ፈተና ነው። ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ይጠጋበታል፣ ቀለሙም ነጭ ጉም ይለብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ለመቁረጥና ለመሞረድ፣ ከጥቅምት ወዲያ ለመቀባት ቢሆኑ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ቲነር በተከፈተበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠልም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡና ምድጃው ጋ ይደርሳል። ቡናው ይቆይ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን።

የራሳችን መንገድ

ኪት የሚያመርቱ ኩባንያዎች የአሜሪካንና የጃፓንን ጎዳና ሠርተዋል፤ የቸርችልን ጎዳና ግን ማንም አልሠራልንም። የመሃል ከተማው ሞዴል ሠሪ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። ላዳዋም፣ ከኋላዋ የነበረው በረንዳም በአንድ ዘመን እየሄዱ ነው። የኮምፒውተር ንድፍና የሦስት አውታር ማተሚያ ፓራውልቱንና መብራቱን ለማውጣት ይረዳሉ፤ ልኩን ግን አሁንም ሰው ሄዶ በሜትር መውሰድ አለበት። ገና በመንገድ ላይ ያለች ላዳ ባለቤቷን አስፈቅዶ መለካት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ሰማያዊው በፀሐይ የገረጣ እንጂ ከፋብሪካ የወጣ አይሁን፤ ጣሪያው ነጭ ይሁን። ታርጋው ኮድ 1 ስለሆነ ጽሑፉ ቀይ ነው፤ ስፋቱ በሞዴል ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። የሾፌሩ በር እጀታው ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታይ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሚኒባስ ሲሆን የቀረው የውስጡ ጥቅስ ነው፤ ከሾፌሩ ጀርባ የሚለጠፈው። በተራ ማተሚያ አሳንሼ አትሜዋለሁ፤ ፊደሉ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በማጉያ መነጽር ሲታይ «ሂሳብ» የሚለው ቃል ላይ የሳድሱ ምልክት ስለተዋጠ እንደገና አትመዋለሁ።