የሐሩር ምድር ዋሻዎች አሰሳና የጣና ደለል

ባሕር ዳር ውስጥ የድንጋይ አጥርን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ጥቁሩ ድንጋይ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ መሆኑን ያስተውላል። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ ዓለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ታፍኖ የቀረው ጋዝ የተዋቸው ናቸው። ይህ ባዛልት የሚባለው ዓለት ቀልጦ በፈሰሰበት ጊዜ የዓባይን መውጫ ዘግቶ ለጣና ሐይቅ መፈጠር ምክንያት ሆኗል። ይሁን እንጂ ባዛልት በዝናብ ውሃ እንደ ኖራ ድንጋይ ስለማይሟሟ፣ የዋሻ ተመራማሪዎች የሚሹት ዓይነት ረጅም የከርሰ ምድር መተላለፊያ በሐይቁ ዙሪያ አይጠበቅም።

ትልልቆቹ ዋሻዎች የኖራ ድንጋይ ሥራ ናቸው። የዝናብ ውሃ ከአየር፣ ይበልጡንም ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆንና የዓለቱን ስንጥቅ እያሟሟ ያሰፋዋል። ሙቀትና እርጥበት በበዛበት ሐሩር ምድር የአፈሩ ሕይወት ብርቱ ስለሆነ ጋዙም ይበዛል። በአገራችን የባሌው ሶፍ ዑመር፣ የወይብ ወንዝ የቦረቦረው የ15 ኪሎ ሜትር ገደማ መተላለፊያ፣ ከሁሉ የታወቀው ነው።

የአሰሳው መሠረት ልኬት ነው። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ወይም የሌዘር መሣሪያውን ይይዛል፣ ሌላው አቅጣጫንና ተዳፋትን ያነባል፣ ሦስተኛው ውሃ በማያበላሸው ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ዞሮ ወደ መነሻ የሚመልስ መንገድ ከተገኘም ስሕተቱ በዚያ ይጣራል። አሰልቺ ቢመስልም ግኝቱ የሚወለደው ከዚሁ ነው። በማሌዥያ፣ ሙሉ በሚባለው የዋሻዎች አካባቢ፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ካካሄደው ጥናት በኋላ፣ በ1981 የገቡ አሳሾች ግድግዳውን ተከትለው ሲለኩ መተላለፊያ የመሰላቸው ቦታ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ አዳራሽ ሆኖ ተገኝቷል።

አደጋው ቀላል አይደለም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጠባብ መተላለፊያዎች በአጭር ጊዜ በውሃ ሊሞሉ ስለሚችሉ ጉዞው በተቻለ መጠን በበጋ ይደረጋል። የሌሊት ወፎች በሚያድሩባቸው ዋሻዎች ደግሞ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ከኩሳቸው ጋር ሊገኝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዩጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበትን ዋሻ የጎበኘች ሴት በማርበርግ ቫይረስ ሕይወቷ አልፏል። ስለዚህ ጭምብልና ጓንት እንደ መብራትና ገመድ ሁሉ የግድ ናቸው።

ከዋሻ ከሚወጣው ዕውቀት ሁሉ ለእኛ አገር እጅግ የሚጠቅመው የጥንቱ የአየር ንብረት ታሪክ ነው። ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ወለሉ ላይ የኖራ ንብርብር እያኖረ ስታላግማይት የሚባለውን ዓምድ ያሳድጋል። ዓምዱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ንብርብሮቹ እንደ ዛፍ ቀለበት ይታያሉ፤ ዕድሜያቸው በዩራኒየምና በቶሪየም መጠን ይሰላል፣ በክብደት የሚለያዩት የኦክስጅን ዓይነቶቻቸው ደግሞ ስለ ጥንቱ ዝናብ ይመሰክራሉ። በምዕራብ ሐረርጌ የመቻራ ዋሻዎች ዓምዶች በዚህ መንገድ ተጠንተዋል።

ጣና ላይ ይኸው ጥያቄ የሚቀርበው ለጭቃው ነው። ተመራማሪዎች ቧንቧ ወደ ሐይቁ ወለል ሰድደው ደለሉን ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ ያወጣሉ፤ የድምፅ ሞገድ በመላክም ከሥር ያለውን ንብርብር ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከደለሉ ሥር የተገኘው የጠጠረ ንብርብር ሐይቁ በአንድ ወቅት ደርቆ እንደነበር ይመሰክራል፤ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜም ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሐይቁ ጎድጓዳ ቦታ ረግረግ ሆኖ በቅሎ ነበር። ውሃው ሲመለስ መውጫ ስላልነበረው ጥቂት ጨዋማ ሆነ፤ ከ14,750 ዓመታት ገደማ በፊት ግን ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፣ ጨውነቱም በአጭር ጊዜ ጠፋ።