በፕሮቤሽን ላይ ላሉ ወጣቶች የሚሰጥ ዲጂታል የጤና ድጋፍ በአሜሪካ

በአሜሪካ አንድ ታዳጊ ጥፋት ሠርቶ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ብዙ ጊዜ አይታሰርም። ዳኛው ወደ ቤቱ ይመልሰውና ክትትል ያዝበታል። ትምህርት ቤት መሄድ፣ በሰዓቱ ቤት መግባት፣ ከተመደበለት ሠራተኛ ጋር በቀጠሮ መገናኘት ግዴታው ይሆናል። ፕሮቤሽን የሚባለው ይህ ነው። በእኛ የወንጀል ሕግ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ገደብ» ነው። «አመክሮ» የሚሉትም አሉ። አመክሮ ግን የታሰረ ሰው በጥሩ ጠባዩ ጊዜውን ሳይጨርስ ሲፈታ ነውና አይገጥምም። እዚህ ጋ ፕሮቤሽን እያልን እንቀጥላለን።

ይህ ዳሰሳ እነዚህን ልጆች ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ፣ ከሱስና ራስን ከማጥፋት ለመጠበቅ በኮምፒውተር፣ በታብሌትና በስልክ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ይመለከታል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፕሮቤሽንን የጀመረው ዳኛ አይደለም፤ ጫማ ሠሪ ነው። በ1841 በቦስተን ጆን ኦገስተስ የተባለ ሰው አንድ ሰካራም እስር ቤት ሊገባ ሲል ዋስ ሆኖ አወጣው። እስኪሞት ድረስ፣ 18 ዓመት ሙሉ፣ ይህንኑ ሲሠራ ኖረ። ደመወዝ አልነበረውም። በ1899 ቺካጎ የሚገኝበት የኩክ ካውንቲ የመጀመሪያውን የሕፃናት ፍርድ ቤት ሲከፍት ፕሮቤሽን የሥራው ምሰሶ ሆነ። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆችም ጠበቃ የማግኘት መብት አላቸው ብሎ ወሰነ።

የጤናው ጉዳይ በደንብ የታየው ቆይቶ ነው። ከ1995 እስከ 1998 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኩክ ካውንቲ ማቆያ የገቡ 1,829 ልጆችን መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 18 ነበር። ውጤቱ በ2002 ሲወጣ ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት፣ ከሴቶቹ ደግሞ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር ተገኘባቸው። እነዚህ ማቆያ የገቡ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ሆነው ክትትል የሚደረግባቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ፍርድ ቤት የሚመላለስ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐኪም የሚያስፈልገው ልጅ እንደሆነ ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ ጥቂት ነው።

ታዲያ ስክሪን ለምን አስፈለገ? ልጅ የሚያሳፍረውን ነገር ፊት ለፊት ለሰው መናገር ስለሚከብደው ነው። በ1995 ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ወንዶችን ያካተተ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከፊሎቹ በወረቀት፣ ከፊሎቹ በኮምፒውተር መለሱ። ኮምፒውተሩ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ያነብላቸዋል፣ እነሱ ቁልፍ ይጫናሉ። ስለ ወሲብ፣ ስለ ዕፅና ስለ ጠብ በኮምፒውተር የመለሱት የበለጠ ተናገሩ። ጥናቱ በ1998 ታተመ። ማንበብ ለሚከብደው ልጅም ድምፁ ትልቅ እፎይታ ነው። ሳያነብ አንብቤአለሁ ብሎ በዘፈቀደ ከመሙላት ያድነዋል።

ችግር ያለበትን ልጅ ቶሎ ለመለየት ከሚሰጡት የማጣሪያ መጠይቆች ይበልጥ የተሰራጨው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የተሠራው ሜይሲ ሁለት ነው። ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለሱ 52 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለ መጠጥና ዕፅ፣ ስለ ንዴት፣ ስለ ድብርት፣ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ፣ ስለ ደረሰበት ጉዳት ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ነጥቡን ያኔውኑ ደምሮ ለሠራተኛው ያሳያል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ በሽታ የሚወስን ምርመራ አይደለም። «ይህን ልጅ ዛሬውኑ አናግሩት» የሚል ምልክት ነው።

ምልክቱ ከታየ በኋላ ምን ይደረጋል? ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። የፕሮቤሽን ሠራተኛው የሕክምና ሥልጠና የለውም። ልጁ «መሞት አስቤ አውቃለሁ» ብሎ ቢመልስ ለማን ይደውል? በኒው ዮርክ ግዛት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው ኢ-ኮኔክት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የተሠራው። ልጁ ጥያቄዎቹን በራሱ ይመልሳል። ሲስተሙ የአደጋውን ደረጃ ይለያል። ከዚያ ለሠራተኛው ቀጣዩን እርምጃ ይነግረዋል፤ ልጁን ወደ አካባቢው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ የሚያደርስ መንገድም አብሮ ተዘጋጅቷል። ትልቁ ነገር ታብሌቱ አይደለም። ፕሮቤሽን ቢሮውና ክሊኒኩ አስቀድመው ተቀምጠው ማን ምን እንደሚሠራ መስማማታቸው ነው።

በቺካጎ ደግሞ ፋት ላይፍ የሚባል ኤችአይቪን የመከላከል ፕሮግራም አለ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ በፕሮቤሽን ላይ ያሉ 310 ልጆችን ይዘው ፈተሹት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ በቡድን ይገናኛሉ፤ ቪዲዮ ያያሉ፣ ጨዋታና ትዕይንት ይሠራሉ። ከፍተኛ አደጋ ላይ የነበሩት ልጆች ከሁሉ የበለጠ ተጠቅመዋል። ይህ ሰው ለሰው የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሆኖም እንዲህ ያለውን ትምህርት ወደ ስክሪን ማምጣት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

መልሱ በከፊል ከአዋቂ ሴቶች መጥቷል። በኒው ዮርክ ከተማ ዕፅ የሚጠቀሙና በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ያሉ 306 ሴቶች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ወርዝ የተባለውን ኤችአይቪን የመከላከል ትምህርት በኮምፒውተር ታግዞ፣ ሁለተኛው ያለ ኮምፒውተር፣ ሦስተኛው ሌላ የጤና ትምህርት ወሰደ። በ2014 የታተመው ውጤት የወርዝ ሁለቱም ዓይነቶች ከሦስተኛው የተሻለ ጥንቃቄ እንዳመጡ አሳየ። ኮምፒውተሩ ትምህርቱን አላበላሸውም ማለት ነው። ቆይቶ ለጥቁር ሴቶች የተዘጋጀው ኢ-ወርዝ በ352 ሴቶች ላይ ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ለታዳጊዎች እኩል ይሠራል ወይ የሚለው ግን ያከራክራል።

ከሁሉ የሚከብደው የመተማመን ጉዳይ ነው። ለአንድ ልጅ ቴክኖሎጂ ማለት መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረው መከታተያ ነው። ያ ነገር በ1983 በኒው ሜክሲኮ ከተጀመረ ወዲህ ለብዙዎች የፍርድ ቤት ምልክት ሆኗል። አሁን ያው ፍርድ ቤት ስልክ ሰጥቶ «ጋንጃ ታጨሳለህ ወይ?» ቢለው ልጁ ለምን እውነቱን ይናገራል? መልሱ ወደ ዳኛው የሚሄድ ከመሰለው ይዋሻል፤ ልንወቅሰውም አንችልም። ለዚህ ነው ፔንስልቬኒያ በ2008 ልጁ በማጣሪያ መጠይቅ ላይ የተናገረው በራሱ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ የከለከለችው። የሱስ ሕክምና መዝገብንም ጥብቅ የፌዴራል ሕግ ይጠብቀዋል። ልጁ ከመመለሱ በፊት ወላጅ «ይህን ማን ያየዋል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፣ ደግሞም ይጠይቅ።

በዋሽንግተን ዲሲ የልጆች ፕሮቤሽን በከተማዋ ፍርድ ቤት ሥር ባለው የቤተሰብ ችሎት ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል በኩል ይሠራል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ መጠይቁን ሲሞላ እናትና አባት ጉዳዩን በቋንቋቸው መረዳት አለባቸው። አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የራሱን ምስጢር ለእናቱ እንዲተረጉም ማስገደድ ይሆናል።

ልጁ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል ሲያሰጋ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ የማይጠበቅ ነገር ሲገጥም፣ 988 የተባለው የአስቸኳይ እርዳታ ስልክ አለ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በዚህ ቁጥር ቀንና ሌሊት በነጻ ይደወላል። የጽሑፍ መልእክቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ለሚደውል ግን በስልክ አስተርጓሚ ይገኛል። እናት በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ» (አማርኛ) ብላ ቋንቋዋን በመናገር መጀመር ትችላለች።