ያረጀ የግቢ ሰው ሰራሽ ሳር ጥገና በመሀል አዲስ አበባ

ሰው ሰራሽ ሳር፣ ብዙ ሰው አርቴፊሻል ሳር ወይ ባጭሩ የፕላስቲክ ሳር ሚለው፣ መሀል ከተማ ባሉ ግቢዎች በረንዳ ላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን፣ ሰገነት ላይ ሳይቀር ተነጥፎ ይታያል። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳር ማጠጣት ቅንጦት ነው፣ ግቢውም ሲሚንቶ ስለሆነ ሚተከልበት አፈር የለም። ግን አንዴ ተነጥፎ ሚረሳ ነገር አይደለም፣ ይተኛል፣ ይነጣል፣ ይቃጠላል፣ መጋጠሚያው ይለቃል፣ ያኔ ብዙ ሰው ነቅሎ ከመጣል ውጪ አማራጭ ያለ አይመስለውም።

ነገሩ የመጣው ከስፖርት ነው። አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ አስትሮዶም ሚባል ጣራ ያለው ስታዲየም ተሰርቶ ነበር፣ ብርሃን አስተላላፊው ጣራ ተጫዋቾቹን አይናቸውን ሲያጭበረብራቸው ቀለም ተቀባ፣ ብርሃን ያጣው ሳር ሞተ፣ በፈረንጆቹ 1966 ፕላስቲክ ተነጠፈበት። የዛሬው የግቢ ሳር ከዛ ለስለስ ያለ ነው። ክሩ ባብዛኛው ፖሊኢትሊን ነው፣ አንዳንዴም ፖሊፕሮፒሊን ይደባለቅበታል፣ ጀርባው ደግሞ ላቴክስ ወይ ፖሊዩሬቴን የተቀባ ጨርቅ ነው። ለግቢ ሚሸጠው በብዛት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን በጥቅል መጥቶ በካሬ ነው ሚቆረጠው።

አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ሚያስረጀው አንዱ ፀሐይ ነው። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርዱን አይታችሁ ፀሐዩን አትናቁት። ሌላው ከሰል ነው። ቄጤማ ላይ የለመድነውን ይዘን ቡና ስናፈላ ማንደጃውን ሳሩ ላይ እናስቀምጣለን፣ ፖሊኢትሊን ግን ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ባለው መሀል ይቀልጣል፣ አንድ የተፈናጠረ ፍም ይበቃዋል። ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ድንኳን ሲተከልም ብረቱ የቆመበት ቦታ ይበሳል።

በኔ አይን ግን ትልቁ ገዳይ ከስሩ ነው ያለው። ሳሩ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ይነጠፋል፣ ሲሚንቶው ተዳፋት የለውም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጀርባው ቀዳዳ የወረደው ውሃ መሄጃ አጥቶ እዛው ይተኛል፣ ሙጫው ይለቃል፣ መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጥግ ላይ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው መውጫ ይፈለግለት፣ አለዚያ ከላይ የተለጠፈው በሚቀጥለው ክረምት ይነሳል።

የተኛ ሳር ቀላሉ ነው። ጠንከር ባለ ብሩሽ ክሩ ከተኛበት በተቃራኒው መቦረሽ፣ ከዛ አሸዋ መበተን። አሸዋ ሲባል ሰው ይገረማል ግን ክሩን ቀጥ አድርጎ ሚይዘውና ምንጣፉንም በክብደት ረግጦ ሚያቆየው እሱ ነው፣ እዚህ ብዙ ቦታ ያለ አሸዋ ስለሚነጠፍ በር በሩ ላይ ቶሎ ልጥፍ ይላል። ለግንባታ ሚመጣው አሸዋ ጭቃ ስላለበት ውሃው ጥርት እስኪል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተነፍቶ ደቃቁ ብቻ ነው ሚበተነው፣ በስሱ፣ እየቦረሹ፣ ሳሩም ደረቅ ሆኖ።

ለተቃጠለ ወይ ለተቀደደ ቦታ ልጥፍ ነው። የተበላሸው በከተር በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ከጀርባ በኩል ቢቆረጥ ይሻላል ምክንያቱም ከፊት ክሩ አብሮ ይጨረገዳል። ምትኩ ልክ በዛው መጠን ይቆረጥና የክሩ አቅጣጫ ከዙሪያው ጋር አንድ መሆኑ ይታያል፣ ይሄ ከተሳተ ቀለሙ አንድ ሆኖ እንኳን ከሩቅ ያስታውቃል። ከስር ሰፊ የመጋጠሚያ ቴፕ ገብቶ ሙጫ ይቀባል፣ ዳርና ዳሩ ተጠጋግቶ ግን ሳይደራረብ ይለጠፋል፣ ከላይ ክብደት ተደርጎ ይታደራል። ሙጫው ለውጪ ሚሆን ፖሊዩሬቴን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የጫማ ሰሪ ማስቲሽ ለጊዜው ይይዛል ግን ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት አልተማመንበትም።

ቀለም ላይ ሰው ሚሸወድበት ነገር አለ። ከሮቶ ስር ወይ ከአበባ ማሰሮ ስር የተቆረጠ ቁራጭ ፀሐይ ስላልነካው አረንጓዴነቱ ይጮሃል። ለልጥፍ ሚሆነው ፀሐይ ከሚያገኘው ዳርቻ፣ አጥር ስር እግር ከማይረግጠው ቦታ ሚገኘው ነው፣ እዛ የጎደለውን በአዲስ ቁራጭ መሙላት ይቻላል፣ ማን ያየዋል። አቀማመጡ ከፈቀደ ደግሞ በር ላይ ያለውን ጥቅልና ግድግዳ ጋ ያለውን ማቀያየር ያለ ምንም ወጪ እድሜ ይጨምራል።

የውሻ ሽንት ሽታ ካለ አቼቶ በእኩል ውሃ ተበጥብጦ ይረጭና ቆይቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል። በረኪና ሳይበጠበጥ አታፍስሱበት፣ ቤንዚንም ለማስቲካ ማስለቀቂያ ብላችሁ አትጠቀሙ፣ ጀርባውን ሊበላው ይችላል። ለሙጫ ስራ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው፣ የበልግ ዝናብ እስኪጀምር።

ክሩ በጣት ሲፈተግ ሚበን ከሆነ ግን ልጥፉን ተዉት። ሚበነው ፕላስቲክ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ በቦዩ አድርጎ ግንፍሌና ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ማቃጠልም አይሆንም፣ ጭሱ ለጎረቤት ይተርፋል። ሲነቀል ጥጋጥጉ ላይ ደህና የቀረ ካለ ለእግር መጥረጊያ ወይ ለውሻ ቤት ወለል ይሆናል።